በፔሩ የአማዞን ጫካ የሚገኙ የዕፅዋት ሕክምና ማረፊያ ማእከላት፦ የመኝታ፣ የአገልግሎትና የደኅንነት ሁኔታ

በፔሩ ምሥራቃዊ ቆላ በተንሰራፋው የአማዞን ጫካ ውስጥ፣ ከዕፅዋት በሚዘጋጁ ባህላዊ መድኃኒቶች ለመታከም ወይም በባህላዊው ሥነ ሥርዓት ለመካፈል ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ እንግዶችን ተቀብለው የሚያሳርፉ በርካታ ማእከላት ይገኛሉ። የእንግዶቹ ቆይታ ከጥቂት ቀናት እስከ በርካታ ሳምንታት ሊደርስ ይችላል። ይህ መግለጫ ወደነዚህ ማእከላት ለመጓዝ ያሰቡ ዜጎችና ቤተሰቦቻቸው ስለ መኝታው፣ ስለ ውሃውና መጸዳጃው፣ ስለ ምግቡ እንዲሁም ስለ ድንገተኛ ሕክምናው ሁኔታ አስቀድመው እንዲያውቁ የተዘጋጀ ነው። ሕክምናውን ለመምከርም ሆነ ለማበረታታት የቀረበ አይደለም።

ማእከላቱ በማስታወቂያዎቻቸው በአብዛኛው የሚያሳዩት ጎጆውን፣ ወንዙንና የጫካውን ውበት ነው። ለእንግዳው ሕይወት ወሳኝ የሚሆኑት ግን በፎቶግራፍ የማይታዩ ሦስት ነገሮች ናቸው። እነርሱም ማእከሉ ከሆስፒታል ያለው ርቀት፣ በሌሊት የሚገኘው መጓጓዣ፣ እንዲሁም እንግዳው ራሱን መቆጣጠር በማይችልበት ሰዓት አጠገቡ ሆኖ የሚጠብቀው ሰው ችሎታና ኃላፊነት ናቸው። ተጓዦች ማናቸውንም ማእከል ሲመርጡ ከሁሉ አስቀድመው እነዚህን ሦስቱን እንዲያጣሩ ይመከራል።

ማእከላቱ የሚገኙበት አካባቢ

ማእከላቱ በብዛት የሚገኙት በሦስት ከተሞች ዙሪያ ነው። የመጀመሪያው የሎሬቶ ክልል ዋና ከተማ ኢኪቶስ ሲሆን፣ ከተማውን ከቀሪው የፔሩ ክፍል ጋር የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም። ወደዚያ የሚደረሰው በአውሮፕላን ወይም በወንዝ በሚጓዝ መርከብ ብቻ ነው። ከዋና ከተማው ከሊማ እስከ ኢኪቶስ ያለው በረራ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከኢኪቶስ ወጥቶ ናውታ ወደምትባለው ከተማ የሚያደርስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአስፋልት መንገድ አለ። ብዙዎቹ ማእከላት ከዚህ መንገድ ወደ ጫካው ገባ ብለው ወይም በአማዞንና በገባሮቹ ዳርቻ የተሠሩ ናቸው።

ሁለተኛው በኡካያሊ ወንዝ ዳር የሚገኘው ፑካልፓ ነው። አካባቢው የሺፒቦ ኮኒቦ ሕዝብ መኖሪያ ሲሆን፣ ከተማው ከሊማ ጋር በመኪና መንገድ ይገናኛል። ሦስተኛው በማድሬ ዴ ዲዮስ ክልል፣ በብራዚልና በቦሊቪያ ድንበር አቅራቢያ የሚገኘው ፑዌርቶ ማልዶናዶ ሲሆን፣ ከኩስኮ ከተማ ጋር የሚያገናኘው መንገድ አለው።

ከእነዚህ ከተሞች እስከ ማእከሉ ያለው የመጨረሻው ጉዞ በባለ ሦስት እግር ባጃጅ፣ በሞተር ጀልባ፣ ወይም በጭቃማ የእግር መንገድ የሚደረግ ሊሆን ይችላል። የወንዞቹ ከፍታ በዓመት ውስጥ እጅግ ይለዋወጣል። በኢኪቶስ አካባቢ ውሃው ከፍ የሚለው በአብዛኛው ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ሲሆን፣ ዝቅ የሚለው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። ስለዚህ በአንድ ወቅት ጀልባ ከማእከሉ ደጃፍ ድረስ የምትደርስ ስትሆን፣ በሌላው ወቅት ረጅም የእግር ጉዞ ሊያስፈልግ ይችላል። ተጓዦች የጉዞውን ርዝመት የሚጠይቁት ለሚሄዱበት ወር ነጥለው መሆን አለበት።

ኢኪቶስ ከባሕር ወለል በላይ 100 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ አላት። የአየር ንብረቷ ዓመቱን ሙሉ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ የቀኑም ሙቀት ዘወትር ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ከአዲስ አበባና ከሌሎች ደጋማ አካባቢዎች የሚነሡ ተጓዦች ሰውነታቸው ለዚህ ዓይነቱ ቆላ ያልተዘጋጀ በመሆኑ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዕረፍት ማድረግና ፈሳሽ በብዛት መውሰድ ያስፈልጋቸዋል።

የመኝታ ቤቶች

የእንግዶች መኝታ በሁለት ዓይነት ይከፈላል። አንደኛው ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰጥ፣ በአካባቢው አጠራር ታምቦ የሚባል አነስተኛ የእንጨት ጎጆ ነው። ታምቦዎቹ እርስ በርሳቸው ተራርቀው በዛፎች መካከል የሚሠሩ በመሆናቸው እንግዳው ከሌሎች ተለይቶ በጸጥታ እንዲቆይ ያስችላሉ። ሁለተኛው በርካታ አልጋዎች የተዘረጉበት ወይም በክፍሎች የተከፋፈለ የጋራ ቤት ነው። ዋጋው እንደ ዓይነቱ ይለያያል።

ቤቶቹ ከጎርፍና ከእርጥበት ለመከላከል ከመሬት ከፍ ባሉ ምሰሶዎች ላይ ይቆማሉ። ክዳናቸው ኢራፓይ ከተባለ የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የተጎነጎነ ነው። በመስኮቶቹ ላይ ከመስታወት ይልቅ ነፋስ የሚያሳልፍ ወንፊት ይወጠራል። ጥሩ ይዞታ ባለው ቤት ወንፊቱ ያልተቀደደ፣ በሩ ግጥም ብሎ የሚዘጋ፣ በአልጋውም ላይ በፀረ ትንኝ መድኃኒት የተነከረ አጎበር የተዘረጋ ነው። አጎበር የሌለው ወይም አጎበሩ የተቀደደ መኝታ በዚያ አካባቢ እንደ ጎደለ አገልግሎት ሳይሆን እንደ ጤና አደጋ መታየት አለበት።

ለዚህም ግልጽ ምክንያቶች አሉ። ከፔሩ የወባ ሕሙማን አብዛኞቹ የሚመዘገቡት በሎሬቶ ክልል ነው። የወባ ትንኝ የምትናደፈው በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ሲሆን፣ የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ በቀን ትናደፋለች። ስለዚህ አጎበር ለሌሊቱ፣ እጅጌ ሙሉ ልብስና ፀረ ትንኝ ቅባት ለቀኑ ያስፈልጋሉ። በአገራችን ቁንጭር በመባል የሚታወቀው የቆዳ ሌይሽማንያሲስም በአካባቢው ይገኛል። እርሱን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ እጅግ ያነሰች በመሆኗ በሰፊ ቀዳዳ ወንፊት ማለፍ ትችላለች። ደም የሚመጥጡ የሌሊት ወፎችም የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ሰው ያስተላለፉበት ሁኔታ በፔሩ አማዞን በተደጋጋሚ ተከስቷል። በሌሊት ወፍ የተነከሰ ሰው ቁስሉ ቢያንስም እንኳ ሳይዘገይ መከተብ ይኖርበታል።

እርስ በርስ የተራራቁ ጎጆዎች ጸጥታን ቢሰጡም ጉድለትም አለባቸው። በሌሊት የታመመ ወይም የተደናገጠ እንግዳ ድምፁን ቢያሰማ የሚሰማው ሰው ላይኖር ይችላል። በእያንዳንዱ ጎጆ ፊሽካ፣ ደወል ወይም የሬዲዮ መገናኛ መኖሩን፣ ተረኛ ጠባቂውም በምን ያህል ጊዜ ልዩነት ጎጆዎቹን እንደሚዞር መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሥነ ሥርዓቱ ቤት

ሥነ ሥርዓቱ የሚፈጸመው ማሎካ ተብሎ በሚጠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ክብ ቅርጽ ባለው ሰፊ የጋራ ቤት ውስጥ ነው። ተካፋዮች ግድግዳውን ተከትለው በተነጠፉ ፍራሾች ላይ ይቀመጣሉ። ለእያንዳንዳቸውም ለማስታወክ የሚሆን ባልዲ፣ ውሃና መሐረብ ይቀርባል። ሥነ ሥርዓቱ ከመሸ በኋላ፣ በተለምዶ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ይጀመራል። መብራት ይጠፋል፤ ፈዋሹም በዝማሬ እየመራ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያህል ሊዘልቅ ይችላል።

በእነዚህ ሰዓታት ተካፋዩ ሚዛኑን ጠብቆ መራመድ፣ ርቀትን መለካት ወይም አደጋን መለየት ሊሳነው ይችላል። ስለዚህ የማሎካው አሠራር ከደኅንነት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። መጸዳጃው ከማሎካው ጋር የተያያዘ ወይም በጣም ቅርብ መሆኑ፣ ወደዚያ የሚወስደው መተላለፊያ የእጅ መደገፊያና ደብዘዝ ያለ መብራት ያለው መሆኑ፣ ደረጃዎቹ ጥቂትና የማያንሸራትቱ መሆናቸው፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጫካ የሚያስወጣው በር በጠባቂ የሚታይ መሆኑ ሊጣራ ይገባል። ከፈዋሹ በተጨማሪ መጠጡን ያልጠጡና ንቁ የሆኑ ረዳቶች በቂ በሆነ ቁጥር መገኘት አለባቸው። ሥነ ሥርዓቱ ሲያበቃ እንግዳው ብቻውን በጨለማ ወደ ጎጆው እንዲሄድ የሚያደርግ ማእከል የጥበቃ ኃላፊነቱን አልተወጣም።

ውሃ፣ መታጠቢያና መጸዳጃ

አብዛኞቹ ማእከላት የሚጠቀሙት ከጉድጓድ የተቀዳ ወይም ከክዳን ላይ ተጠራቅሞ በሮቶ የሚቀመጥ የዝናብ ውሃ ነው። ለመታጠቢያ የሚሆነው ውሃ ለመጠጥ ይሆናል ማለት አይደለም። የመጠጥ ውሃ መፍላት፣ በተገቢ ማጣሪያ መጣራት ወይም በታሸገ ዕቃ መቅረብ አለበት። በመጠጡ ምክንያት የሚመጣው ማስታወክና ተቅማጥ ሰውነትን ፈሳሽ የሚያሳጣ በመሆኑ፣ ያልተጣራ ውሃ የሚያስከትለው ሕመም ሲጨመርበት አደጋው ከፍ ይላል። ተጓዦች ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የተባለውን የፈሳሽ መተኪያ ዱቄት ከአገር ቤት ይዘው ቢሄዱ ይጠቅማቸዋል።

መታጠቢያው በአብዛኛው ቀዝቃዛ ውሃ የሚወርድበት ሻወር ነው። መጸዳጃው በውሃ የሚለቀቅ ወይም ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ የእንጨት ብናኝ የሚነሰነስበት ደረቅ መጸዳጃ ሊሆን ይችላል። ደረቅ መጸዳጃ በሚገባ ከተያዘ ንጹሕ ነው። ዋናው ጥያቄ የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና በአጠገቡ መኖራቸው፣ መጸዳጃውም ከውሃ ጉድጓዱ የራቀ መሆኑ ነው። በወንዝ ወይም በኩሬ መታጠብ በባዶ እግር ለሚረግጡት እሾሃማ ጅራት ዓሣዎች፣ እንዲሁም በአካባቢው ለሚገኘው ሌፕቶስፓይሮሲስ ለተባለው በሽታ ሊያጋልጥ ይችላል።

መብራትና ግንኙነት

ከከተማ ርቀው የሚገኙ ማእከላት መብራት የሚያገኙት ከፀሐይ ኃይል ወይም በቀን ለተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ከሚሠራ ጄኔሬተር ነው። በጎጆዎቹ ውስጥ ኩራዝ ወይም ሻማ የሚሰጥባቸው ማእከላት አሉ። ክዳኑ ደረቅ ቅጠል በመሆኑ ይህ የእሳት አደጋ አለበት፤ በባትሪ የሚሠራ የግንባር መብራት ይዞ መሄድ የተሻለ ነው። ኢንሱሊን ወይም ሌላ በቅዝቃዜ የሚቀመጥ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ማእከሉ ሌሊትና ቀን የማይቋረጥ ማቀዝቀዣ እንዳለው በጽሑፍ ማረጋገጫ ሊያገኙ ይገባል።

በብዙ ቦታዎች የሞባይል ስልክ አይሠራም። አንዳንድ ማእከላትም እንግዶች በቆይታቸው ወቅት ስልካቸውን እንዲያስረክቡ ይጠይቃሉ። ይህ የማእከሉ ደንብ ሊሆን ቢችልም፣ ማእከሉ ራሱ በማንኛውም ሰዓት የሚሠራ ሬዲዮ ወይም የሳተላይት ስልክ ሊኖረው ይገባል። ፔሩ ከኢትዮጵያ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። በዚያ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን በኢትዮጵያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ተጓዡና ቤተሰቡ በየትኞቹ ቀናት እንደሚገናኙ አስቀድመው ቢወስኑ፣ ቀጠሮው ሲያልፍ ቤተሰቡ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ምግብ

በማእከላቱ የሚቀርበው ምግብ በስፓኒሽ ዲዬታ የተባለውን ሥርዓት የሚከተል ነው። በዚህ ሥርዓት ጨው፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቅመማ ቅመም፣ የአሳማ ሥጋና አልኮል ይከለከላሉ። የሚቀርበው በአብዛኛው የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ ያልበሰለ ሙዝ፣ ሩዝ፣ አትክልትና የወንዝ ዓሣ ነው። ሥርዓቱ ባህላዊ ትርጉም ያለው ሲሆን ከሕክምና አንጻርም አስፈላጊ የሆነ ክፍል አለው። የቆየ አይብ፣ ለረጅም ጊዜ የተብላላ ምግብና መጠጥ ከመጠጡ ጋር ሲገናኙ የደም ግፊትን በድንገት ሊያሻቅቡ ይችላሉ።

ጾም የለመዱ ተጓዦች ይህን ሥርዓት ቀላል አድርገው ሊያዩት ይችላሉ። ሆኖም ጨው በሌለበት ምግብ፣ በላብና በማስታወክ የሚወጣው ጨው ሳይተካ ሲቀር ድካምና መፍዘዝ፣ አልፎም የከፋ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። የስኳር ሕመምተኞች ደግሞ የምግቡ መቀነስ ከመድኃኒታቸው ጋር ሳይመጣጠን ሲቀር የደማቸው ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ዝቅ ሊል ይችላል።

የመጠጡ ምንነትና ከእርሱ መራቅ ያለባቸው ሰዎች

በእነዚህ ማእከላት በዋናነት የሚሰጠው አያሁዋስካ የተባለ መጠጥ ነው። የሚዘጋጀው ባኒስቴሪዮፕሲስ ካፒ የተባለውን ሐረግ ቻክሩና ከሚባል ቁጥቋጦ ቅጠል ጋር ለረጅም ሰዓት በማፍላት ነው። ቅጠሉ ዲኤምቲ የተባለ አእምሮ ላይ የሚሠራ ንጥረ ነገር አለው። ሐረጉ ደግሞ ይህ ንጥረ ነገር በአንጀትና በጉበት እንዳይፈርስ የሚያግዱ ሐርሚንና መሰል ንጥረ ነገሮችን ይዟል። መጠጡ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መሥራት ይጀምራል። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ ያስታውካል፤ እንደ ኮሶም ያስቀምጣል፤ የማይጨበጥ ነገርም ያሳያል።

ሐረጉ የሚያግደው ኢንዛይም ሌሎች መድኃኒቶችንም የሚመለከት በመሆኑ ከባዱ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለድብርት የሚሰጡት ፍሎክሰቲን፣ ሰርትራሊን፣ አሚትሪፕቲሊንና መሰል መድኃኒቶች፣ የሕመም ማስታገሻው ትራማዶል፣ በአንዳንድ የሳል ሽሮፖች ውስጥ የሚገኘው ዴክስትሮሜቶርፋን፣ ሊቲየም፣ እንዲሁም አምፌታሚን መሰል አነቃቂዎች ከመጠጡ ጋር ሲገናኙ ለሞት ሊያደርሱ ይችላሉ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ንጥረ ነገር ነው። ስለሆነም ጫት የሚቅሙ ሰዎች ይህን ሳይደብቁ ለሐኪማቸው መናገር አለባቸው። ፍሎክሰቲን ካቆሙ በኋላ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ይሁን እንጂ ማንም ሰው ለጉዞው ሲል የታዘዘለትን መድኃኒት በራሱ ውሳኔ ማቋረጥ የለበትም። መድኃኒቱን ማቋረጥ ራሱ ሕመሙን ሊያገረሽ ይችላል። ማእከሉ በኢንተርኔት በሚሞላ ቅጽ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጠው ፈቃድም የሐኪምን ምርመራ አይተካም።

የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የስኪዞፍሬኒያ ወይም የባይፖላር ሕመም ያለባቸው፣ እነዚህ የአእምሮ ሕመሞች በቅርብ ቤተሰባቸው የታዩባቸው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር ሴቶች ከመጠጡ መራቅ አለባቸው። ማስታወክ ከጥቂት ጊዜ በፊት የተዋጠን መድኃኒት ሊያስወጣ ስለሚችል፣ በየዕለቱ መድኃኒት የሚወስዱ ሁሉ ይህን ማወቅ ይገባቸዋል።

በአንዳንድ ቦታዎች ቶዬ የተባለ ተክል በመጠጡ ላይ ይጨመራል። ይህ ተክል በአገራችን አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ ከሚባለው መርዛማ ተክል ጋር በዘር የሚዛመድና ተመሳሳይ መርዝ ያለው ሲሆን፣ ለረጅም ሰዓት የሚቆይ መቃዠትን ያስከትላል። የትምባሆ ጭማቂ ማስጠጣትና ካምቦ የተባለውን የእንቁራሪት ፈሳሽ በተቃጠለ ቆዳ ላይ መቀባት የሚሰጡ ተጨማሪ አገልግሎቶች ናቸው፤ ሁለቱም ከባድ ጉዳትና ሞት አስከትለዋል። ተጓዦች የሚሰጣቸው ምን እንደሆነ በስሙ መጠየቅና አልፈልግም የማለት መብታቸውን መጠቀም ይችላሉ።

የድንገተኛ ሕክምና

ሥነ ሥርዓቱ በሌሊት፣ ከከተማ ርቆ መደረጉ የድንገተኛ ሕክምናን ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ያደርገዋል። ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት የሚፈጅ የጀልባ ጉዞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ በዝናብና በተንሳፋፊ ግንዶች መካከል፣ ከዚያ እጅግ የበለጠ ጊዜ ሊፈጅ ወይም ጨርሶ ላይቻል ይችላል። ስለዚህ የሚጠየቀው ርቀቱ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሌሊት የሚወስደው ሰዓት ነው። ጀልባው ወይም መኪናው በማእከሉ ውስጥ የሚያድር፣ ነዳጅ የተሞላና ነጂው በቦታው ያለ መሆኑም መረጋገጥ አለበት።

በኢኪቶስ የሎሬቶ ክልል ሆስፒታል፣ በፑካልፓ የፑካልፓ ክልል ሆስፒታል፣ በፑዌርቶ ማልዶናዶ ደግሞ የሳንታ ሮሳ ሆስፒታል ይገኛሉ። በፔሩ የፖሊስ የስልክ ቁጥር 105፣ የአምቡላንስ 106፣ የእሳት አደጋ መከላከያ 116 ነው። በአካባቢው ብዙ ሰው የሚነድፈው በስፓኒሽ ሄርጎን የተባለው መርዛማ እባብ ሲሆን፣ ሕክምናው በሆስፒታል የሚሰጥ ፀረ መርዝ መድኃኒት ነው። የተነደፈውን ቦታ መቁረጥ፣ መምጠጥ ወይም አጥብቆ ማሰር ጉዳቱን ያባብሳል።

የሴቶችና ብቻቸውን የሚጓዙ ሰዎች ደኅንነት

በአንዳንድ ማእከላት በፈዋሾች ወይም በረዳቶች በእንግዶች ላይ የተፈጸሙ ወሲባዊ ጥቃቶች ሪፖርት ተደርገዋል። ሴት ረዳቶች በሥነ ሥርዓቱ ላይ መገኘታቸው፣ የጎጆው በር ከውስጥ የሚቆለፍ መሆኑ፣ የሴቶች መታጠቢያ የተለየ መሆኑ ከመሠረታዊ አገልግሎቶች ይቆጠራሉ። ለሕክምናው ልብስ ማውለቅ ወይም ከፈዋሹ ጋር ለብቻ መሆን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ከቀረበ፣ እንግዳዋ ወይም እንግዳው እምቢ ብለው ቦታውን እንዲለቁ ይመከራል። ከተቻለ በሥነ ሥርዓቱ የማይካፈል የታመነ ሰው አብሮ ቢጓዝ ይመረጣል።

ሕጋዊ ሁኔታ

የፔሩ መንግሥት የአማዞን ተወላጅ ሕዝቦች በአያሁዋስካ ያላቸውን ባህላዊ ዕውቀትና አጠቃቀም እ.ኤ.አ. በ2008 የአገሪቱ ባህላዊ ቅርስ አድርጎ አውጇል። ይህ ግን እያንዳንዱ ማእከል በጤና ተቋምነት ተመዝግቧል ማለት አይደለም። የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው ማዘጋጃ ቤቱ ሲሆን፣ ግብር ከፋዮች ሩክ የተባለ ባለ 11 አሃዝ የምዝገባ ቁጥር አላቸው። የጤና ተቋማት የሚመዘገቡት በሌላ መዝገብ ነው። እንግዶችን ለማሳደር የተሰጠ ፈቃድ ለማከም የተሰጠ ፈቃድ አለመሆኑን ተጓዦች መገንዘብ ይኖርባቸዋል።

ዲኤምቲ እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ስምምነት በሠንጠረዥ 1 ሥር የተመዘገበ ነው። በኢትዮጵያም ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮችን ያለ ፈቃድ ማስገባት፣ መያዝና መጠቀም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ያስቀጣል። መጠጡን፣ ቅጠሉን ወይም ሐረጉን በስጦታም ሆነ በመታሰቢያነት ይዞ ከፔሩ መውጣት፣ በመተላለፊያ አገሮች ጭምር ለእስራት ሊዳርግ ይችላል።

ቅድሚያ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች

• ማእከሉ በሌሊት በየትኛው መጓጓዣ፣ በስንት ሰዓት፣ ወደየትኛው ሆስፒታል ሕመምተኛን ያደርሳል?
• በሥነ ሥርዓቱ ሌሊት በማእከሉ የሚገኝ የሠለጠነ የጤና ባለሙያ አለ? ሙያውስ ምንድን ነው?
• በአንድ ሥነ ሥርዓት ስንት እንግዶች ይካፈላሉ? መጠጡን ያልጠጡ ረዳቶችስ ስንት ናቸው?
• ማእከሉ የእንግዳውን የጤና ታሪክና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ይጠይቃል? አደጋ ያለባቸውን ሰዎችስ አይቀበልም?
• በመጠጡ ውስጥ የሚገቡት ዕፅዋት በሙሉ የትኞቹ ናቸው?
• ሬዲዮ ወይም የሳተላይት ስልክ አለ?
• የመጠጥ ውሃ እንዴት ይጣራል? በእያንዳንዱ አልጋስ አጎበር አለ?
• እንግዳው ሐሳቡን ቢቀይር ቦታውን መልቀቅ የሚችለው እንዴት ነው? ገንዘቡስ ይመለሳል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጽ የጽሑፍ መልስ የማይሰጥ፣ ወይም ሁሉንም በሽታ እንደሚፈውስ የሚናገር ማእከል ባይመረጥ ይሻላል።

ከጉዞ በፊትና በኋላ የሚፈጸሙ ጉዳዮች

የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት። ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀቱ ሥራ ላይ የሚውለው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ለዕድሜ ልክ የጸና ሆኗል። ቀደም ሲል የተከተቡ ዜጎች ካርዳቸውን ይዘው መገኘት ይበቃቸዋል። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑና የበሽታ መከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ከመከተባቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው። የወባ መከላከያ መድኃኒትም በሐኪም ይመረጣል። ከነዚህ አንዱ የሆነው ሜፍሎኩዊን በአእምሮ ላይ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል፣ ተጓዡ ወደምን ዓይነት ማእከል እንደሚሄድ ለሐኪሙ በግልጽ መናገር ይኖርበታል።

ተጓዦች የመግቢያ ቪዛን ጉዳይ ከፔሩ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ያጣራሉ። የሕክምና ማጓጓዣን የሚሸፍን የጉዞ መድን መግባት፣ መድኑም በአያሁዋስካ ምክንያት የሚደርስን ጉዳት የሚያገልል መሆን አለመሆኑን ማንበብ ያስፈልጋል። የፓስፖርት ቅጂ፣ የማእከሉ ሙሉ አድራሻና የመመለሻ ቀን በቤተሰብ እጅ መቀመጥ አለበት። የቆንስላ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ዜጎች ጉዳዩ የሚመለከተውን የኢትዮጵያ ሚሲዮን ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ጠይቀው ከመነሣታቸው በፊት አድራሻውን ይይዛሉ።

ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት የተሰማቸው ሰዎች ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ሄደው በአማዞን ጫካ መቆየታቸውን መናገር አለባቸው። በዚያ አካባቢ በብዛት የሚገኘው ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። እንቅልፍ ማጣት፣ ከባድ ፍርሃት ወይም ከእውነታ የራቀ ሐሳብ ከቀናት በላይ ከቀጠለም የአእምሮ ጤና አገልግሎት ወደሚሰጥ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ለሐኪሙ የሚሰጠው መረጃ ሕሙሙን ለማከም የሚያገለግል በመሆኑ፣ የተወሰደውን መጠጥ ስምና ቀን ሳይደብቁ መግለጽ ሕክምናውን ያፋጥናል።